የምንወደው ሙዚቃ ለየቅል ነው፣ ኮንሰርት አብረን መሄድ እንቀጥል ወይስ ይቅርብን?

የጦሳ ስር፦

ሰላም ወገን፣ እንዴት ከረማችሁ? ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

የምኖረው ደሴ ነው፣ ሆጤ አካባቢ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ያልተለያየን አራት ጓደኛሞች ነን። ቡናው አብረን፣ ለቅሶው አብረን፣ ሠርጉም አብረን ነው። ሙዚቃ ላይ ስንደርስ ግን አንድም የሚያገናኘን ነገር የለም። እኔ ማሲንቆና ክራር ከሰማሁ ሌላው ሁሉ ይጠፋብኛል፣ አምባሰል ከሆነማ አታናግሩኝ። አንዷ ጓደኛዬ ራፕ ብቻ ናት። ስትነሳ ራፕ፣ ስትተኛ ራፕ። አንዱ የሬጌ ሰው ነው። አራተኛው መንዙማና ነሺዳ ነው የሚያዳምጠው፣ ዘፈን ላይ ብዙም የለበትም፣ ግን ከእኛ መለየት ስለማይወድ አብሮን ይወጣል።

እስካሁን ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ኮንሰርት ሲመጣ አራታችንም ነው የምንሄደው። ታዲያ አንዱ ሲደሰት ሦስቱ ይሰለቻሉ። ባለፈው ኮምቦልቻ የባህል ምሽት ነበር። ማሲንቆ ተጫዋቹ አንገቱን ወደ ጅማቱ ዘንበል አድርጎ መቃኘት ሲጀምር እኔን ገና ከአሁኑ ውርር አደረገኝ። ዞር ስል ራፕ ወዳዷ ስልኳ ላይ ናት። የሬጌው ልጅ ትንሽ ቆይቶ "መቼ ነው የምንሄደው?" ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጠይቃል። አንድ ኮንትራት መኪና ለአራት ይዘን ስለወረድን አንዱ መሄድ ከፈለገ ሁላችንም መሄዳችን ነው። ኮምቦልቻና ደሴ ሩቅ አይደሉም፣ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ግን በዚያ ሰዓት ለብቻ ቀርቶ የሐረጎን ዳገት መውጣት ለሴት ልጅ ቀላል አይደለም። ዋናዋ ድምጻዊት መድረክ ላይ ሳትወጣ ተመለስን። መኪና ውስጥ ማንም ቃል አልተነፈሰም።

አሁን ደግሞ ራፕ ወዳዷ ጓደኛዬ የምትወደው ራፐር ደሴ ሊመጣ ነው ብላ አራት ቲኬት ልትቆርጥ ነው። ቲኬቱ ርካሽ አይደለም። ራፕ ደግሞ ምንም አይገባኝም፣ ጆሮዬን ያመኛል እንጂ። እምቢ ብላት እንደሚከፋት አውቃለሁ። እሺ ብላት እዚያ ፊቴን አጥቁሬ ቆሜ ደስታዋን አበላሽባታለሁ ብዬ እፈራለሁ። ጣዕማቸው ከማይገጥም ጓደኞች ጋር የምትወጡ ሰዎች እንዴት ነው የምታደርጉት? ልሂድ ወይስ ልቅር?

አራዳ ደሴ፦

ቅሪ። እኔ ኮንሰርት ብቻዬን ነው የምሄደው። ጓደኞቼን እወዳቸዋለሁ፣ ከእነሱ ጋር ምሳ እበላለሁ፣ ኳስ አያለሁ፣ ዘፈን ላይ ግን አልፈልጋቸውም። የምወደውን ድምጽ ስሰማ ጎኔ ያለው ሰው ደስ ብሎት ይሆን ሰልችቶት ይሆን እያልኩ መጨነቅ አልችልም። ሁሉ ነገር አብሮ ይሁን ማለት ምን ይሉታል? ለሷም "ይቅርታ፣ የኔ ነገር አይደለም፣ ነገ ቡና ላይ ትነግሪኛለሽ" በያት። እውነተኛ ጓደኛ ከሆነች አይከፋትም።

እህተ ሐይቅ፦

አራዳ ደሴ፣ ላንተ ይሰራ ይሆናል። እሷ ግን ማታ ለብቻዋ መመለስ እንደሚከብዳት ነግራሃለች። ለኛ ለሴቶቹ "ብቻሽን ሂጂ" ማለት ብዙ ጊዜ "አትሂጂ" ማለት ነው። ከጓደኛ ጋር የምንወጣው ለሙዚቃው ብቻ አይደለም፣ በሰላም ወጥተን በሰላም ለመግባትም ነው።

ወደ አንቺ ስመጣ የኔ እህት፣ የናንተ ችግር ግማሹ መኪናው ይመስለኛል። እኛ አምስት ነን፣ ሐይቅ ነው የምንኖረው፣ ደሴ ላይ ዝግጅት ሲኖር ከመሄዳችን በፊት የመመለሻውን ነገር ቁርጥ አድርገን እንነጋገራለን። መኪናው ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው? ከዚያ በፊት የሰለቸው ሰው የት ሆኖ ይጠብቃል? ሹፌሩም ይነገረዋል። ሰዓቱ ከታወቀ "መቼ ነው የምንሄደው" የሚል ጥያቄ አይኖርም። የሰለቸው ሰው ውጭ ወጥቶ ሻይ ይጠጣል፣ ማንም አይቀየመውም። ስልክ መነካካትም አይከለከልም፣ ብቻ ፊት ለፊት ቆሞ ብርሃኑን የሰው ዓይን ላይ አያበራም።

ሌላው ገንዘብ ነው። አራት ቲኬት በእኩል ማዋጣት ፍትሐዊ ይመስላል እንጂ አይደለም። እኛ ጋ የጋበዘ ይከፍላል። "ይሄን ሰው ካላያችሁልኝ" ብላ የጎተተችን ልጅ ቲኬቱን ካልቻለች ቢያንስ የመኪናውን ትሸፍናለች። በቀጣዩ ተራው የሌላ ሰው ነው። ያለፍላጎትሽ ገንዘብሽን አውጥተሽ ከገባሽ እያንዳንዱ ዘፈን ላይ ብርሽን ነው የምትቆጥሪው። እንግዳ ሆነሽ ከገባሽ ግን ልብሽ ይከፈታል፣ የጠራሽን ሰው ደስታ ለማየት ነዋ የመጣሽው።

ክራር አስተማሪ፦

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሳነበው ደስ አለኝ። በዚህ ዘመን ማሲንቆ ሲቃኝ ውርር የሚያደርጋት ወጣት ደሴ ውስጥ አለች ማለት ነው።

እኔ ብዙ ዓመት ክራር አስተምሬአለሁ። አንድ ነገር ልንገርሽ። ሰው ኮንሰርት ላይ የሚሰለቸው ሙዚቃውን ስለሚጠላ ብቻ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ምኑን እንደሚያዳምጥ ስላልተነገረው ነው። አንቺ አምባሰልን ከናትሽ ወይ ከአያትሽ ጋር ስትሰሚ ነው ያደግሽው መሰለኝ፣ ጆሮሽ መንገዱን ያውቀዋል። ጓደኛሽ ግን አታውቀውም። ለሷ ሁሉም ዘፈን አንድ ዓይነት ረጅም እንጉርጉሮ ነው።

እስቲ ከመሄዳችሁ በፊት እንዲህ አድርጊ። አራቱ ዋና ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ሁሉም አምስት አምስት ድምጽ ነው ያላቸው። ልዩነቱ በድምጾቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። አምባሰልን ውሰጂ። ከመነሻው ድምጽ ሁለተኛው በጣም ቅርብ ነው፣ ግማሽ ድምጽ ብቻ። ከዚያ ሦስተኛው ላይ ለመድረስ ትልቅ ዝላይ አለ። ሆድን የሚነካው እዚያ ጋ ነው፣ ተጠግቶ ተጠግቶ ድንገት ሲርቅ። ባቲ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ገና ከመነሻው ሰፊ እርምጃ ይራመዳል፣ ከዚያ ሁለቱ ድምጾች ይቀራረባሉ። ይህንን ክራር ላይ አንድ ጊዜ ቀስ ብለሽ ብታሰሚያት፣ ክራር ከሌለ በአፍሽ ብታዜሚላት፣ በሚቀጥለው ኮንሰርት ላይ "ይሄ ያ ነው!" ትላለች። "ያ ነው" ያለ ሰው ስልኩን አይከፍትም።

ደግሞ ቦታውን ንገሪያት። ባቲ ከተማው እዚሁ ከኮምቦልቻ ወረድ ብሎ ነው፣ አምባሰል ከሐይቅ አለፍ ብሎ ውጫሌ አካባቢ ነው፣ አንቺ ሆዬን ደግሞ ብዙ ሰው ከላስታ ጋር ያያይዘዋል። ከወሎ ላሊበላ ኪነት የወጣችውን ማሪቱ ለገሰን አምባሰል ስታዜም አሰሚያት። ትርጉም መስጠት አያስፈልግሽም፣ ድምጿ ይበቃል።

የሬጌውን ልጅና ራፕ ወዳዷን በአንድ ላይ የምታሸንፊበት ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካዊው ራፐር ናስና የቦብ ማርሊ ልጅ ዴሚያን ማርሊ አንድ አልበም በጋራ ሲያወጡ ከሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ቆርጠው ሰርተውበታል። ራፕ፣ ሬጌና የኛ ቅኝት አንድ ላይ ማለት ነው። ሦስታችሁ ቁጭ ብላችሁ መጀመሪያ የሙላቱን፣ ቀጥሎ የእነሱን አዳምጡ።

ቢትና ስንኝ፦

ጋሼ፣ የጻፉት በጣም ሸጋ ነው፣ ስለ አምባሰል ያሉትን ክራር ፈልጌ እሞክረዋለሁ። ግን ቅር ያለኝን ልናገር። ሁላችሁም የምትመክሩት ራፕ ወዳዷን እንዴት ባህል እናስተምራት የሚለውን ነው። ጥያቄው እኮ ሌላ ነው! አሁን ተራው የሷ ነው። እሷ ኮምቦልቻ ድረስ ወርዳለች። አንቺስ ወደ እሷ መቼ ሄድሽ?

እኔ ራፕ እሰራለሁ፣ ደሴ ነው ያደግሁት፣ "ራፕ ጩኸት ነው" የሚለውን ቃል ያልሰማሁበት ቤት የለም። እህቴ፣ "ጆሮዬን ያመኛል" ያልሽውን ባለሙያ ይመልስልሽ። "ምንም አይገባኝም" ያልሽውን ግን እኔ ልመልስ። የማይገባሽ ፍጥነቱ ነው፣ ነገሩ አይደለም። አንቺ ግጥም የምትወጂ ሰው ነሽ። አምባሰል የሚወድ ሰው ግጥም አይወድም ብለሽ አታሞኚኝም። ራፕ ማለት ግጥም ነው፣ ቤት መድፋት ነው፣ ከቤት መድፊያው በፊት ሦስት አራት ቦታ ድምጽ ማገጣጠም ነው። እኛ ልጆች እያለን የሚያዝናናን የአዝማሪ ግጥም ምን ነበር? ከላይ አንድ ነገር፣ ከስር ሌላ ነገር። ጥሩ ራፐር የሚሰራው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ከኮንሰርቱ በፊት እንዲህ በያት፣ "ከምትወጃቸው ሥራዎቹ ሦስቱን ምረጪልኝ፣ ግጥሙን በወረቀት ጻፊልኝ።" ሦስት ብቻ። አስር ከሰጠችሽ አንዱንም አትይዢም። ግጥሙን መጀመሪያ ያለ ሙዚቃ አንብቢው። ከዚያ እያነበብሽ አዳምጪው። ከዚያ ሳታነቢ። ኮንሰርት ላይ እነዚያ ሦስቱ ሲመጡ አፍሽ አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ የቀረውን ሕዝቡ ይሸከምሻል። የራፕ መድረክ ላይ ሰዉ ነው ግማሹን የሚለው። ልጁ መስመሩን ይጀምራል፣ ማይኩን ወደ ሕዝቡ ያዞራል፣ መጨረሻዋን ቃል ሺህ ሰው ይጮኻታል። ያችን አንዲት ቃል ካወቅሽ የበዓሉ አካል ነሽ። ካላወቅሽ ግን እውነትም ግድግዳ ነው የምትሆኚው።

ደግሞ እሷን መልሰሽ የባህል ምሽት ስትወስጃት ቁጭ አታድርጊያት። አዝማሪ ካለ ግጥም ትስጠው! "ተቀበል" ትበለው። ራፕ የሚወድ ሰው እዚያ ሲሰለች ማየት አልችልም፣ መድረኩ እኮ ለሷ የተሰራ ነው። እኔ ባቲ ሰኞ ገበያ ደርሼ ስመለስ ማታ አንድ ቤት ገባንና ይችን ሰጠሁት፦

ከሐረጎ በላይ ጉሙ ሲጎተት
ሳላያት መጣሁኝ ባቲ ሰኞ ለት

አዝማሪው ተቀብሎ ሁለት ጊዜ መለሳት፣ ከዚያ የራሱን ጨመረባትና ወደ እኔ ወረወራት፣ እኔም መለስኩ። ከራፕ መድረክ በምን ያንሳል? እዚያ ማታ ጓደኛዬ ማሲንቆ ምን እንደሆነ ገባው።

ክራር አስተማሪ፦

እውነትህን ነው ልጄ። ተራው የሷ ነው። ግጥምህም ጥሩ ናት፣ ጉሙ ነው የከለለህ ወይስ ልብህ የሚለውን አልነገርከንም፣ እንደዚያው ተዋት።

ሚክሰር ላይ፦

የድምጽ ሥራ ነው የምሰራው፣ ሠርግም ኮንሰርትም። "ጆሮዬን ያመኛል" የሚለውን ቀለል አድርጋችሁ አለፋችሁት፣ እኔ ግን እዚያ ላይ ትንሽ ልቆይ። የጣዕም ጉዳይ ላይሆን ይችላል። በእውነት ጆሮሽን እያመመሽ ሊሆን ይችላል።

ድምጽ በዴሲቤል ይለካል። 85 ዴሲቤል አካባቢ ለስምንት ሰዓት መቆየት እንደ ድንበር ይወሰዳል። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ አራት ሰዓት፣ 91 ላይ ሁለት፣ 94 ላይ አንድ፣ እንዲህ እያለ 100 ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለኮንሰርትና ለጭፈራ ቤቶች ባወጣው መመሪያ ከፍተኛው በ15 ደቂቃ አማካይ 100 ዴሲቤል እንዲሆን ነው ያስቀመጠው። ስፒከር ስር የቆመ ሰው ይህንን በቀላሉ ያልፋል። ማታ ቤት ገብታችሁ ጆሮ "ጭው" የሚለው ለዚህ ነው። ደጋግሞ ከመጣ ደግሞ የማይመለስ ጉዳት ያመጣል፣ የመስማት ሴሎቹ አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

ማሲንቆ ላይ ይህ ችግር ብዙ የለም፣ ድምጹ መካከለኛ ነው፣ ስሱ ነው። ራፕና ሬጌ ላይ ዋናው ቤዝ ነው። ቤዝ ዝቅተኛ ድምጽ ስለሆነ በግድግዳም በሰውም አልፎ ይመጣል፣ ደረት ላይ ነው የሚሰማው። ለራፕ ወዳዷ ያ ደስታ ነው፣ ላልለመደ ሰው ደግሞ ልብ ምት የተዛባ ይመስለዋል። በቆርቆሮ ጣሪያ አዳራሽ ከሆነ ይባስ ነው። ድምጹ ጣሪያውን መትቶ ይመለሳል፣ ቃሉ ከቃሉ ይደባለቃል፣ ያን ጊዜ የዕድሜ ልክ ራፕ ወዳድም ግጥሙን አይሰማም። ብዙ ሰው "ራፕ አይገባኝም" የሚለው መጥፎ አዳራሽ ውስጥ ስለሰማው ነው ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ የት ትቆሚያለሽ? እኔ ያለሁበት ቁሚ፣ ሚክሰሩ ጋ። የድምጽ ባለሙያው ድምጹን የሚያስተካክለው እዚያ ቆሞ በሚሰማው ነው፣ ስለዚህ ከአዳራሹ ሁሉ ጥርት ያለው ድምጽ ያለው እዚያ ነው። መድረኩ ፊት ለፊት ከቆማችሁ ግን ከስፒከሩ ራቁ። ሜዳ ላይ ከሆነ ከስፒከሩ ያለሽን ርቀት እጥፍ ባደረግሽ ቁጥር ወደ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፣ ያ ትንሽ አይደለም። ጓደኛሽ ግድ ፊት ልሁን ካለች እሷ ፊት ትሁን፣ አንቺ እኔ ጋ ሁኚ፣ የምትገናኙበትን ቦታ ተነጋገሩ። አብሮ መሄድ ማለት ትከሻ ለትከሻ መቆም አይደለም።

የጆሮ መሰኪያም አለ፣ በጣት ተጠቅልሎ የሚገባ ለስላሳ ስፖንጅ። ገፍተሽ አስገብተሽ እስኪያብጥ በጣትሽ ያዝ አድርጊው፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ አይሰራም። ጥጥ ግን አትጠቀሙ፣ ጥጥ ብዙም አይከለክልም።

ወዳጃ ቤት፦

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የናንተን አራተኛውን ልጅ ነው የምመስለው፣ ስለዚህ ስለሱ ልናገር። እስካሁን ሁላችሁም ስለ ሦስቱ ነው ያወራችሁት። እሱ ዝም የሚል ልጅ ይመስለኛል፣ ዝም ስለሚልም ተረስቷል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። መንዙማ ኮንሰርት አይደለም። ዱዓ ነው፣ ነቢዩን ማወደስ ነው። ስለዚህ "በኔ ተራ መንዙማ ውሰደን" ብላችሁ እንደ መዝናኛ እንዳትጠይቁት። ግን ጓደኞቹ ናችሁ፣ ወሎ ደግሞ ወሎ ነው። መውሊድ ሲሆን ቤቱ ቢጠራችሁ ሂዱ። ድቤው ሲመታ፣ መሪው አንድ ስንኝ ብሎ ጀማው ሲቀበል፣ ቡናውና እጣኑ ባለበት ቁጭ ብላችሁ ስሙ። ስልክ አታውጡ፣ ካልተፈቀደላችሁ አትቅረጹ፣ ልብሳችሁን አስተካክሉ፣ ያቀረቡላችሁን ቅመሱ። እህቴ፣ አንቺ አምባሰል ወዳድ ከሆንሽ ዜማው እንግዳ አይሆንብሽም። የወሎ መንዙማ ዜማዎች ከነዚያው ጋሼ ከላይ ከነገሩሽ ቅኝቶች ጋር ዝምድና አላቸው። ግጥሙም አማርኛና ዓረብኛ እያፈራረቀ የሚሄድ ነው። የድሮ መሻይኾች አማርኛውን በዓረብኛ ፊደል፣ በዓጀሚ ነበር የሚጽፉት። የግጥም ሰው ለሆነች ለራፕ ወዳዷም ብዙ ነገር አለው።

ሁለተኛ፣ እሱ አብሯችሁ የሚወጣው ስለሚወዳችሁ ነው ብለሻል። ታዲያ እናንተስ? መጠጥ የሚሸጥበት ቤት ሲሆን ይከብደው ይሆናል። አዳራሽ ወይም ስታዲየም ሲሆን ይቀለዋል። ሶላት የሚሰግድበት ቦታና ሰዓት አስቡለት። ጠይቁት ብቻ፣ ለሱ ሳትነግሩት ወስናችሁ "ና" አትበሉት። "እኔ ዛሬ ልቅር" ካለም ይቅር፣ አታስጨንቁት። እኔ ጓደኞቼ ኮንሰርት ሲሄዱ ብዙ ጊዜ አልሄድም። ሲመለሱ ግን እቤቴ ነው የሚያመሹት፣ እራት ሰርቼ እጠብቃቸዋለሁ፣ እስከ ሌሊት ስለ ዘፋኙ ያወራሉ፣ እኔም እሰማለሁ። ያም አብሮ መሆን ነው።

ደግሞ ቀኑን አስተውሉ። በ2018 ዐቢይ ጾምና ረመዳን የገቡት በአንድ ሳምንት፣ በየካቲት ነበር። በእንደዚያ ያለ ሰሞን እኔም ጾመኛ፣ ክርስቲያኑም ጾመኛ፣ ማንም ማንንም አይጎትትም። በሌላ ዓመት ግን ይለያያሉ፣ ያኔ ነው የሚረሳው። አንዱ ሲጾም ሌላው ቲኬት ይቆርጣል። ቲኬት ከመቆረጡ በፊት የሁሉም ጾም ይታይ።

አራዳ ደሴ፦

ወዳጃ ቤት፣ ያልከው ገብቶኛል። ብቻዬን መሄዴን አልተውም፣ ግን ተመልሶ ማውራቱን ወድጄዋለሁ። እህተ ሐይቅ፣ ስለ ሴቶቹ ያልሽውም ልክ ነው፣ እኔ በራሴ ነገር ነው የለካሁት።

አንድ ፍቅር ኮምቦልቻ፦

የሬጌው ልጅ ጠበቃ አጣ እኮ! ለሱም ልናገር። ሬጌ ወዳድን ሰው ችክችካ ላይ ስታስቀምጪው የሚጨነቀው ምቱ ስለሚሮጥበት ነው። ሬጌ ላይ ከበሮው የሚያርፈው ዘግይቶ ነው፣ ጊታሩም በምቱ መሃል ነው የሚገባው፣ ሰውነቱ ለዚያ ቀርፋፋ እርጋታ ነው የተቃኘው። የባህል ምሽት ስትወስጂው እስክስታ የበዛበትን አትምረጪለት። ዝግ ያለ ትዝታ የሚዜምበትን ምረጪለት፣ እዚያ ላይ ይረጋልሻል። የኔን ጓደኛ እንደዚያ ነው ያሸነፍኩት። አሁን ትዝታ ሲሰማ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ሬጌ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። እኛ ለሬጌ ኮንሰርት ሩቅ መሄድ ለምደናል፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የቦብ ማርሊ 60ኛ ልደት መስቀል አደባባይ ሲከበር ስንቱ ሰው ከስንት ቦታ ተነስቶ ሄዷል። ለምንወደው ነገር መንገድ የምንወጣ ሰዎች ነን፣ ምን እንደምንሰማ ንገሩን ብቻ።

የጦሳ ስር፦

ወይኔ፣ ይህን ሁሉ ትጽፋላችሁ ብዬ አልጠበቅሁም። አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለራፕ ወዳዷም አነበብኩላት።

ቢትና ስንኝ፣ ሦስት ምረጪልኝ አልኳት። መጀመሪያ አላመነችኝም፣ "የምርሽን ነው?" አለችኝ። ከዚያ ሌሊቱን ስትመርጥ አድራ ጠዋት በደብተር ወረቀት ጽፋ አመጣችልኝ፣ ጎን ለጎን በቀይ እስክሪብቶ የሚገጥሙትን ድምጾች አስምራለች። አንዱን ሳነበው ስለ እናት ነው። በጩኸቱ ውስጥ ይህ አለ ብዬ አስቤ አላውቅም። ፍጥነቱ አሁንም ያመልጠኛል፣ ሁለተኛው ላይ ግን እየያዝኩ ነው።

አራተኛውን ልጅ ጠየቅነው። ለዚህኛው አልመጣም አለ፣ ደስ ብሎት ነው ያለው፣ እፎይ ያለ ነው የመሰለኝ። መመለሻ መኪናውን ግን እሱ ራሱ ይዞ ሊመጣልን ነው፣ የአጎቱን። ሰዓቱንም ቆርጠናል። ቲኬቱን እሷ ትሸፍናለች፣ ራቱን እኔና የሬጌው ልጅ። ከዚያ በኋላ ያለው ተራ የኔ ነው፣ ዝግ ያለ ትዝታ ያለበት ቤት እየፈለግሁ ነው። የሬጌው ልጅ ግን አምባሰል ስፈልግ ትዝታ ልታሰሚኝ ነው ብሎ ከአሁኑ ተከራክሮኛል፣ ልዩነቱን ከየት አወቀው!

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሚክሰር ላይ፣ ያ የጆሮ መሰኪያ ደሴ ውስጥ የት ይገኛል?

ሚክሰር ላይ፦

መጀመሪያ ፋርማሲዎች ጋ ጠይቂ። እዚያ ካጣሽ የግንባታና የሥራ ደህንነት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ይይዙታል፣ ማሽን ላይ የሚሰሩ ሰዎች ስለሚጠቀሙበት። ሁለት ጥንድ ግዢ፣ አንዱ ለሷ። ፊት ልቁም ስላለች እሷ ናት የበለጠ የምትፈልገው።